ክርስትና ከአይሁድ እምነት ተቆርጦ ነው የወጣው? እኛስ ግማሽ አይሁድ ነን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ቤት ሆም ኬር እሠራለሁ። ቅዳሜን እንደምናከብር፣ ወንድ ልጄን በስምንተኛው ቀን እንዳስገረዝኩት፣ አሳማ እንደማንበላ ስነግራቸው ‹አንቺማ ከእኔ ይልቅ አይሁድ ነሽ› ብለው ሳቁ። ወንድሜ ደግሞ ክርስትናን የፈጠረው ቆስጠንጢኖስ ነው፣ ኢየሱስን አምላክ ያደረጉት ኒቅያ ላይ በድምፅ ብልጫ ነው ይለኛል። ከዩቲዩብ ነው ያመጣው። እውነቱ የቱ ነው? ክርስትና ከአይሁድ እምነት ተቆርጦ የወጣ ነው? እኛስ ምንድን ነን? ሴትዮዋ ለፋሲካቸው ማዕድ ጠርተውኛል። ብሄድ ነውር አለው?»

ምላሽ፦ ከወንድምዎ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የኒቅያ ጉባኤ የተካሄደው በ325 ነው። ከዚያ 200 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ112 አካባቢ፣ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ገዥ ከዛሬዋ ቱርክ ሰሜን ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ደብዳቤ ጽፏል። ክርስቲያኖችን እየያዘ ይመረምር ነበር። ምን እንደሚያደርጉ ጠይቆ ያገኘውን ሲዘረዝር፣ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስም እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ ይላል። ነገሩን ለማጣራት ዲያቆናት የሚባሉ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሠቃይቶ መርምሯል። ልብ ይበሉ፤ ጸሐፊው ክርስቲያን አይደለም። ክርስቲያኖችን የሚገድል ሰው ነው። ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም። የጳውሎስ መልእክቶች ደግሞ ከፕሊኒም 50 እና 60 ዓመት ይቀድማሉ።

ኒቅያ ላይ የተነሳው ጥያቄ «ኢየሱስን አምላክ እናድርገው ወይስ አናድርገው» የሚል አልነበረም። አርዮስም ቢሆን ወልድን አምላክ ብሎ ይጠራው ነበር። ግን የተፈጠረ ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ አለ። ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች የመለሱት ለዚህ ነው፤ «ከአብ ጋር በመለኮቱ የሚተካከል» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን ጠራ፣ ወጪውን ቻለ፣ አዳራሹ ውስጥም ተቀመጠ። በ313 ስደቱን አስቁሟል። ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገው ግን እሱ ሳይሆን ቴዎዶስዮስ ነው፣ በ380። ወንድምዎ ሦስት ነገር አንድ ላይ አቡክቶታል።

የእርስዎ ጥያቄ ይከብዳል። «ተቆርጦ ወጣ» የሚለው አነጋገር ውስጥ ስውር ስሕተት አለ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የምናየው የአይሁድ እምነት ያኔም እንዲሁ እንደነበረ፣ ክርስትና ከጎኑ እንደተሰነጠቀ አድርጎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። በኢየሱስ ዘመን የአይሁድ እምነት አንድ ወጥ አልነበረም። ሰዱቃውያን መቅደሱን ይዘው ነበር፤ ትንሣኤ ሙታንን አይቀበሉም። ፈሪሳውያን ትንሣኤን ያምናሉ፤ ሕጉን ከአባቶች ወግ ጋር ይተረጉማሉ። ኤሴናውያን መቅደሱ ረክሷል ብለው ተለይተው ይኖራሉ። ሁሉም ግን አይሁድ ናቸው። ሁሉም ኦሪትን ያነባሉ፣ በኦሪትም ይጣላሉ።

የኢየሱስ ተከታዮች የጀመሩት እዚያው መሃል ነው። እሱ ራሱ በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን የምታከብረው ይህንኑ ነው። በሰንበት ምኩራብ ገብቶ ኢሳይያስን አንብቧል። ከሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ የቱ ነው ሲባል የመለሰው «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ብሎ ነው፤ አሮጊቷ ሴትዮ ዛሬም ማታና ጠዋት የሚደግሙት ጸሎት ሊሆን ይችላል። ካረገ በኋላም ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ይወጡ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ 3 ላይ ያገኙታል። የዘጠኝ ሰዓቷን ነገር ጾመኛ ኢትዮጵያዊ አያጣትም። ሁለቱ ሐዋርያት ሃይማኖት ቀይረናል የሚል አሳብ ውል አላላቸውም። አባቶቻችን የጠበቁት መሲሕ መጣ፣ ሞተ፣ ተነሣ ነው ያሉት። «ክርስቶስ» ራሱ መሲሕ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል በግሪክ ሲነገር ነው። «ክርስቲያን» የሚለው ስም የወጣላቸውም ኢየሩሳሌም ሳይሆን አንጾኪያ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር የመጣው ከውጭ ነው። አሕዛብ፣ ማለትም አይሁድ ያልሆኑ ሰዎች፣ ማመን ጀመሩ። ይገረዙ? የሙሴን ሕግ በሙሉ ይጠብቁ? በ49 አካባቢ ኢየሩሳሌም ላይ ሐዋርያት ተሰብስበው ተከራከሩ። የተከራካሪዎቹን ማንነት ይዩልኝ፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ በርናባስ፣ ያዕቆብ፣ ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑትም ጭምር። ሁሉም አይሁድ ናቸው። ውሳኔው አሕዛብ አይገደዱም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ይራቁ የሚል ነበር። የታነቀ አለመብላታችን፣ በሬው ሲታረድ ደሙ እንዲፈስ መጠንቀቃችን እዚህ ጋ ሥር አለው። ዛሬም ቢሆን የአይሁድ እምነት ሌላው ሕዝብ 613ቱን ትእዛዛት ይጠብቅ አይልም። ለኖኅ ልጆች ሁሉ ሰባት ትእዛዝ ተሰጥቷል፣ ያ ይበቃቸዋል ይላል። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ዝምድናቸው ይታይዎታል።

ከዚያ ቤቱ ተቃጠለ። በ66 አይሁድ በሮም ላይ ተነሡ፤ በ70 የቲቶ ጦር መቅደሱን አነደደው። መሥዋዕት ቆመ። ሰዱቃውያን ያለ መቅደስ ምን ይሆናሉ? ጠፉ። ከእሳቱ የተረፉት በዋናነት ሁለት ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የቻሉትን ዕቃ ይዘው ወጡ። አንዱ ልጅ ሕጉንና ትምህርቱን ያዘ። ፈሪሳውያንን የሚከተሉ ረቢዎች ያቭኔ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ከመሥዋዕቱ ይልቅ ጸሎትን፣ ጥናትን፣ የማዕድንና የሰንበትን ሥርዓት አጸኑ። ቃላቸው በ200 ገደማ ሚሽና ሆኖ ተጻፈ፣ ኋላም ታልሙድ ሆነ። ሌላው ልጅ ደግሞ በጉን፣ ካህኑንና መሥዋዕቱን ይዞ ወጣ፤ ግን ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ ፈጸማቸው፤ በጉ እሱ ነው፣ ሊቀ ካህናቱም እሱ ነው አለ። የእኛን ቅዳሴና መቅደስ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ክርስትና የዛሬው የአይሁድ እምነት ልጅ አይደለም። ወንድሙ ነው። ሁለቱም የአንድ የጥንት ቤት ልጆች ናቸው። ይህን ብቻ ቢይዙልኝ ግማሹ ግራ መጋባት ይለቅዎታል። ሴትዮዋ ቤት የሚያዩት ሁሉ ብሉይ ኪዳን እንዳለ የተቀመጠ አይደለም። ሥጋና ወተት በተለያየ ድስት መሥራት፣ ዓርብ ማታ ሻማ ማብራት፣ እነዚህን ኦሪት ላይ በዚህ መልክ አያገኟቸውም። ከእሳቱ በኋላ በረቢዎች ትምህርት የጸኑ ናቸው።

መለያየቱ አንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። በ132 ባር ኮክባ የሚባል መሪ ሲነሣ ረቢ አቂባ መሲሕ ነው አሉት። ክርስቲያኖች መሲሕ አላቸውና ሊከተሉት አልቻሉም። በ135 ሮማውያን አመፁን ደመሰሱ፣ አይሁድን ከኢየሩሳሌም አስወጡ፣ የከተማዋንም ስም ለወጡት። ብዙው ገመድ የተበጠሰው ያኔ ነው። ያም ሆኖ በ386 ዮሐንስ አፈወርቅ አንጾኪያ ላይ ምን ብሎ ይቆጣል? ክርስቲያኖቼ ምኩራብ እየሄዱ ነው፣ በአይሁድ ጾም እየጾሙ ነው፣ መለከታቸውን ሊሰሙ ይሮጣሉ እያለ። ክርስቶስ ካረገ ከ350 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ሊቃውንቱ አጥሩን እያጠሩ፣ ሕዝቡ በቀዳዳው እየሾለከ ጎረቤቱ ጋ ይሄድ ነበር። ያንን ስብከት ዛሬ ሲያነቡት ግን ይጠንቀቁ። ንግግሩ መራር ነው፣ በኋላ ዘመን አይሁድን ለማሳደድ መሣሪያ ሆኗል።

እምነቱ ላይ እውነተኛ ልዩነት የለም የሚሉ ደግ ሰዎች አሉ። አለ። አንድ አምላክ፣ ፍጥረት፣ ነቢያት፣ ትንሣኤ ሙታን፣ ፍርድ፤ እዚህ ድረስ አብረን ነን። ከዚያ ይለያል። አይሁድ መሲሕ ቢመጣ ኖሮ ጦርነት ይቆም ነበር፣ የተበተነው ይሰበሰብ ነበር፣ ስለዚህ ገና ነው ይላሉ። ክርስቲያን መጥቷል፣ ደግሞም ይመጣል ይላል። ክርስቲያን አምላክ ሰው ሆነ ይላል፤ ለአይሁድ ይህ የአንድነቱን ትምህርት የሚነካ ነው። መጽሐፉ ራሱ ቢመሳሰልም ንባቡ ይለያያል። ኢሳይያስ 7፥14 ላይ ዕብራይስጡ «ዓልማ» ይላል፤ ወጣት ሴት ነው፣ ይላሉ አይሁድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ራሳቸው አይሁድ ወደ ግሪክ ሲመልሱት ግን «ድንግል» በሚል ቃል ተረጎሙት። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚያ ከግሪኩ ነው። እኛና እነሱ በአንድ ቁጥር ላይ የምንጣላው በአይሁድ እጅ በተሠራ ትርጉም ነው።

አሁን ወደ «እኛስ ምንድን ነን?» ልምጣ። አጭሩ መልስ፣ ግማሽ አይሁድ አይደለንም። ረጅሙ መልስ ይጣፍጣል።

ቋንቋችን ምስክር አለው። ኦሪት፣ ታቦት፣ ምጽዋት የሚሉት ቃላት ወደ ግእዝ የገቡት ከአራማይክ ነው፤ ያኔ አይሁድ ይናገሩት ከነበረው ቋንቋ። ፋሲካ ከዕብራይስጡ ፔሳሕ ተነሥቶ፣ በአራማይክና በግሪክ በኩል ዞሮ ነው የደረሰን። ባሕረ ሐሳብ ሲቆጠርም መጥቅዕ የሚባለው የአይሁድ የመለከት በዓል፣ የአዲስ ዓመታቸው ቀን ነው። መጥቅዕን ሳያገኙ ነነዌን አያገኙም፤ ነነዌን ሳያገኙ ፋሲካን አያወጡም። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ካህኑ የዓመቱን በዓላት ሲያውጅ የአይሁድን አዲስ ዓመት እየቆጠረ ነው፤ ሰሚው ላያውቀው ይችላል።

ቅዳሜን ማክበራችንስ? ሰዎች ከሚኒልክ ቀዳማዊ ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ይላሉ። ትውፊቱን አከብራለሁ፤ ግን ታሪኩ ጠመዝማዛ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበት ይከበሩ ብለው ሲያስተምሩ ከግብፅ የመጡት ጳጳስ ተቃወሙ። ኤዎስጣቴዎስ ተሰደው አርመን አገር ዐረፉ። ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ሁለቱም ሰንበት ይከበሩ ተብሎ ነው። ተከራካሪዎቹ ማስረጃ ያደረጉት የሐዋርያት የሚባሉትን መጻሕፍትና ዐሠርቱን ትእዛዝ እንጂ የአይሁድን ወግ አልነበረም። እንዲያውም ያ ዘመን ነገሥታቱ ከቤተ እስራኤል ጋር የሚዋጉበት ዘመን ነው። አይሁድን ለመምሰል ብሎ ነው የሚለው አያስኬድም።

የሴትዮዋን ቀልድ ቃል በቃል የመለሰላቸው ሰው ግን ዐፄ ገላውዴዎስ ነው። ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡት ኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ «እናንተ አይሁድ ናችሁ» ብለው ሲወቅሱት በ1555 አጭር የእምነት መግለጫ ጻፈ። አይሁድ በሰንበት ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ወጥ አይሠሩም፣ እንጀራ አይጋግሩም፣ ከቤት ቤት አይሄዱም፤ እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናበላበታለን አለ። ግዝረቱ ደግሞ እንደ አገር ልማድ ነው፣ ኢትዮጵያና ኖባ ፊታቸውን እንደሚበጡት፣ ሕንዶችም ጆሯቸውን እንደሚበሱት። አሳማውንም አንበላም እንጂ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። ይህን ያህል በጥቂት ቃል የተመለሰ መልስ አላየሁም። ገጾቹ ጥቂት ናቸው፤ ለወንድምዎም ቢያስነብቡት ከዩቲዩቡ ይሻለዋል።

ስለ ቤተ እስራኤልም አንድ ቃል ልበል፤ ያለ እነሱ ይህ ታሪክ አይሞላም። ኦሪትን በግእዝ ያነባሉ። ታልሙድን አያውቁም ነበር። መነኮሳት ነበሯቸው። ለፋሲካ በመንደራቸው በግ ያርዱ ነበር፤ የቀረው ዓለም አይሁድ ግን መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ ትቶታል። ከ1984 ጀምሮ፣ በተለይም በ1991፣ ብዙዎቹ እስራኤል ሲገቡ ረቢዎቹ አይሁድነታቸውን እስከ መጠራጠር ደርሰዋል። የአይሁድ እምነት ማለት ብሉይ ኪዳን ማለት ነው ቢባል ኖሮ እነሱ ቀዳሚ በሆኑ ነበር። በነገራችን ላይ «ፈላሻ» አይበሉ። ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስጠነቅቅዎት አንድ ነገር አለ። ልጅ ሲያስተምሩ «አይሁድ ሰቀሉት» ብለው አያስተምሩ። ስቅላት የሮም ቅጣት ነው። ፍርዱን የሰጠው ጲላጦስ ነው፤ ወታደሮቹም የእሱ ናቸው። አንዳንድ የኢየሩሳሌም መሪዎች አሳልፈው ሰጥተውታል፤ ወንጌሉ ይላል። ሲያለቅሱ የተከተሉት ሴቶችም፣ እናቱም፣ የቀበረው ዮሴፍም አይሁድ ናቸው። የእኛ ስንክሳር ሰኔ 25 ቀን ጲላጦስን በቅድስና ያነሣዋል፤ ትውፊታችን ለፈራጁ ይህን ያህል ከራራ ለተቀረው ሕዝብ መጨከን አይገባንም። በሰሙነ ሕማማት የምንሰማውን «አይሁድ» የሚል ቃል ልጅዎ ትምህርት ቤት አጠገቡ ከሚቀመጠው ልጅ ጋር እንዳያገናኘው ተቀምጠው ያስረዱት። በዚህ ቃል ምክንያት አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ታርዷል።

ወደ ግብዣው። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፣ የንስሐ አባትዎን ቦታ አልይዝም። ልደብቅዎት ግን አልፈልግም፤ በጥንት የሐዋርያት ቀኖና ውስጥ ከአይሁድ ጋር በዓል የሚያከብርን፣ የበዓላቸውንም ቂጣ የሚቀበልን የሚከለክል አንቀጽ አለ። አንቀጹ የተጻፈው ደግሞ ሰዎች ያንን ያደርጉ ስለነበር ነው፤ የአንጾኪያን ነገር ያስታውሱ። ያ ሕግ የታሰበው ክርስቲያን ሆኖ በዓሉን እንደራስ በዓል ለሚያከብር ነው ብዬ አምናለሁ። አሠሪዎ የጠሩዎት እንዲያምኑ አይደለም። እንግዳ አድርገው ነው። ከአባ ጋር ተነጋግረው ይሂዱ። ቤትዎ ውስጥ ግን ያንኑ ማዕድ ለራስዎ አያዘጋጁ፤ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት «ኢየሱስ የበላው ማዕድ» እያሉ የሚያደርጉት ትክክል አይደለም። ዛሬ በማዕዱ የሚነበበው ሃጋዳ የተሰናዳው መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ነው። ለእነሱም የራሳቸውን በዓል ለብሶ እንደመጣ ሰው ያስቀይማቸዋል።

የምግቡን ነገር አስቀድመው ይንገሯቸው። ፋሲካቸው የእኛ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ነው የሚውለው። ከእንቁላሉና ከዶሮው ሾርባ ይቀራሉ። ማጻ የሚሉት ቂጣ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። መራራው ቅጠልም ጾም ነው። ለሴትዮዋ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባናችንም እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ የበሉትን ያስታውሳል እየተባለ እንደሚተረክ ይንገሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል። የሚወስዱት ስጦታ አበባ ወይም ፍራፍሬ ይሁን። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ብለው ድፎ ዳቦ ጋግረው ብቻ እንዳይሄዱ፤ ያን ሳምንት እርሾ ያለበት ነገር ከቤታቸው ጥርግ ተደርጎ ወጥቷል።